ኮንትሮባንድ፦ ቃሉ ከየት መጣ፣ ዕቃውስ መቼ ነው ኮንትሮባንድ የሚሆነው?

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጆች መልስ

ጥያቄ፦ «ኮንትሮባንድ» እዚህ ድሬዳዋ ልጅ አዋቂው የሚያውቀው ቃል ነው። ግን የማን ቋንቋ ነው? ወዳጆቼ «ባንዳ ከሚለው የመጣ ነው፤ አገር የሚጎዳ ንግድ ስለሆነ እንዲህ ተባለ» ይላሉ። እውነት ነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ምንጩ ጣሊያንኛ ነው። «ኮንትራ» የሚጻረር፣ በተቃራኒ የቆመ ማለት ነው፤ «ባንዶ» ደግሞ አዋጅ። ሁለቱ ተጋጥመው «ኮንትራባንዶ» ሆኑ፤ ፍቺውም «አዋጅ የሚጻረር» ነው። ባንዶ በመካከለኛው ዘመን የጣሊያን ከተሞች መለከት ተነፍቶ በአደባባይ የሚነገር የገዢ ቃል ነበር። እኛ ዘንድ ነጋሪት ተጎስሞ «ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ሲባል የኖረው መሆኑ ነው። የእኛ አገር ሕግ ዛሬም የሚታወጅበት ጋዜጣ በዚያው ከበሮ ስም ይጠራል፤ ነጋሪት ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ቃሉ በሥራ ላይ ምን ማለት እንደነበር ለማየት ቬኒስ ትበቃለች። ከተማዋ የጨው ንግድን በመንግሥት እጅ አድርጋ ነበር። ከመንግሥት መጋዘን ውጪ ጨው አይዘዋወርም፣ አይሸጥም ተብሎ ከታወጀ በኋላ፣ በሌሊት በጀልባ ጨው ያስገባ ሰው የያዘው ያው ወጥ የሚጣፍጥበት ጨው ነው። ኮንትራባንዶ ያሰኘው ጨውነቱ ሳይሆን አገባቡ ነው። ይህን ነጥብ ይያዙልን፤ ከዚህ በታች ላሉት መልሶች ሁሉ መሠረቱ እሱ ነው።

ወደ ባንዳ እንምጣ። «ባንዶ» የጥንቶቹ ጀርመናዊ ሕዝቦች ለትእዛዝና ለክልከላ ይሉት ከነበረው «ባን» የመጣ ነው፤ የእንግሊዝኛው «ባን»፣ ማለትም ክልከላ፣ የዚሁ ዘር ነው። ጣሊያኖች በአዋጅ ከከተማ የተባረረውን ሰው «ባንዲቶ» አሉት፤ ሽፍታ የሚለውን ትርጉም የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። «ባንዳ» ግን ጣሊያንኛው የታጠቀ ጭፍራ ማለት ነው። በቅኝ ግዛታቸው ያሰለፉትን የአገሬውን ሰው ጭፍራ በዚህ ስም ጠሩት፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ዘመን ደግሞ አማርኛው «ለጠላት ያደረ ከሐዲ» የሚል ፍቺ ሰጠው። ኮንትሮባንድ ውስጥ ያለው አዋጁ፣ ባንዶው ነው። ጭፍራው እዚያ ውስጥ የለም። የወዳጆችዎ አተረጓጎም ስሜቱ ቢገባንም ከቃሉ ታሪክ ጋር አይሄድም።

ወደ አማርኛ በየት በኩል ገባ ለሚለው፣ የእኛ ሚዛን ወደ ፈረንሳይኛው ያደላል። ከጣሊያንኛ በቀጥታ የወሰድናቸው የወረቀትና የመኪና ቃላት የመጨረሻ አናባቢያቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ ፋቱራን (የሻጩ የዋጋ ሰነድ) እና ቦሎን ያስቧቸው። ኮንትሮባንድ ግን እንደ ፈረንሳይኛው «ኮንትርባንድ» መጨረሻው ተቆርጧል። ጎረቤቱ «ዲክላራሲዮን»ም፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚሞላው የዕቃ ማሳወቂያ ሰነድ፣ ያለ ጥርጥር ፈረንሳይኛ ነው፤ ጣሊያንኛው «ዲኪያራሲዮኔ» ይላል። ምክንያቱ እናንተው ከተማ ውስጥ አለ። የጂቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ የኩባንያውም የጭነት ወረቀት በፈረንሳይኛ ነበር። የጉምሩኩ ቃል ከጭነቱ ጋር አብሮ ተጫነ። በቀይ ባሕር ላይ ጠመንጃና ሐሺሽ በማሻገር ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬም ድሬዳዋ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ከኢትዮጵያ እስኪባረር ድረስ።

«ኮንትሮባንዲስት» ግን ከጣሊያንኛውም ከፈረንሳይኛውም የመጣ አይመስልም። ጣሊያኑ «ኮንትራባንዲዬሬ»፣ ፈረንሳዩ «ኮንትርባንድዬ» ይላል እንጂ «ኢስት» አይጨምሩበትም።

ጥያቄ፦ የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ለኮንትሮባንድ አማርኛ ቃል የለም ወይ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አለ፤ ቦታው ግን የተለየ ነው። «ማሸሽ» የሚለው ግስ ሥራውን በትክክል ይይዛል። «ገንዘብ አሸሸ»፣ «ዕቃ አሸሸ» ስንል ከሚያይ ዓይን አርቆ አሻገረ ማለታችን ነው። ዘመዶቻችን ዓረብኛና ዕብራይስጥም በዚያው መንገድ ሄደዋል። ዓረቡ «ሀረበ»፣ ማለትም ሸሸ፣ ከሚለው «ተህሪብ»ን አወጣ፤ ዕብራይስጡም «ባራኽ»፣ ሸሸ፣ ከሚለው «ሀብራኻ»ን። ሦስቱም «እንዲሸሽ ማድረግ» ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በእስራኤል ያሉ አንባቢዎቻችን ሁለቱን ቃላት በየዜናው ይሰሟቸዋል። «ተህሪብ» ሶማልኛ ውስጥ ገብቶ ዛሬ በይበልጥ የሰው ሕገወጥ ስደትን ያመለክታል። በሞያሌ በኩል የሚመጣው ስዋሂሊ ደግሞ «ማጌንዶ» ይለዋል።

በድሮው ሥርዓት ጥፋቱ የሚጠራው በቦታው ስም ነበር። ነጋዴ ቀረጥ የሚከፍለው በየኬላው ነው፤ የነጋዴውና የኬላው ሹም ነጋድራስ ይባላል። ሳይከፍል ያለፈ ሰው «ኬላ ሰበረ» ይባላል፤ ዛሬም «ኬላ ጥሶ ሲያመልጥ ተያዘ» የሚል ዜና እናነባለን። ተማሪዎችዎን ሊያስገርማቸው የሚችለው «ጉምሩክ» ነው። ቱርኮች «ጉምሩክ» ያሉት ከግሪኩ «ኮመርኪዮን» ነው፣ ግሪኩም ከላቲኑ «ኮመርኪዩም»፣ ማለትም ንግድ። ስለዚህ የእኛ «ጉምሩክ» እና የእንግሊዝኛው «ኮሜርስ» አንድ አያት አላቸው።

አጻጻፉን በተመለከተ «ኮንትራባንድ» ለምንጩ ይቀርባል፤ አማርኛ የለመደውና ጽሑፍ የጸናበት ግን «ኮንትሮባንድ» ስለሆነ በእሱ እንጽና። ድርጊቱንም ዕቃውንም ያመለክታል። ሲያምታታ «የኮንትሮባንድ ዕቃ» እና «የኮንትሮባንድ ንግድ» ብሎ መለየት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስለ ጦርነት ሳነብ «የጦርነት ኮንትሮባንድ» የሚል አገኛለሁ። ከቀረጥ ጋር ምን አገናኘው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከቀረጥ ጋር አይገናኝም፤ የሚገናኘው ከአዋጅ ጋር ነው። ሁለት አገሮች ሲዋጉ ገለልተኛው ነጋዴ ለአንዱ ወገን ምን መሸጥ ይችላል የሚለው ጥያቄ ጥንታዊ ነው። የላተራን 3ኛ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1179 ክርስቲያኖች ለሙስሊሞች የጦር መሣሪያ፣ ብረትና የመርከብ እንጨት እንዳይሸጡ በውግዘት ከለከለ። ሆላንዳዊው የሕግ ሊቅ ሁጎ ግሮቲየስ በ1625 ዕቃን በሦስት መደበው፦ ለጦርነት ብቻ የሚውል፣ ለጦርነት ምንም የማይረባ፣ ለሁለቱም የሚሆን። ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ስንቅ፣ ገንዘብ፣ ገመድና መርከብ እዚያ ይገባሉ። የ1856ቱ (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ ስምምነት የገለልተኛ አገር ባንዲራ በያዘ መርከብ የተጫነ የጠላት ዕቃ አይያዝም አለና «የጦርነት ኮንትሮባንድ ሲቀር» ብሎ ቋጠረው። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን የሚያረዝመው ጉልበት ያለው ሆነ። እንግሊዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ በነሐሴ 1915 እ.ኤ.አ.፣ ጥጥን ሳይቀር ኮንትሮባንድ አለችው፤ ጥጥ የባሩድ ግብዓት ነውና።

ቃሉ በሰው ላይም ውሏል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በግንቦት 1861 እ.ኤ.አ. ሦስት በባርነት የተያዙ ሰዎች ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ፎርት ሞንሮ ምሽግ አመለጡ። ጌታቸው መልሱልኝ ሲል ጄኔራል ቤንጃሚን በትለር አሻፈረኝ አለ። ክርክሩም ይህ ነበር፦ ጠላት እነዚህን ሰዎች ንብረቴ ናቸው እያለ ምሽግ ያሠራቸዋል፤ እንግዲያስ የጦርነት ኮንትሮባንድ ናቸውና እይዛቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሸሽተው የመጡ ሰዎች «ኮንትሮባንዶች» ተብለው ተጠሩ። ሰውን ዕቃ ያደረገውን ሕግ በዚያው ሕግ ቋንቋ መልሶ መምታት ነበር፤ ስሙ ግን ለተጠሩበት ሰዎች ክብር የሚመጥን አልነበረም።

ጥያቄ፦ በሕጋዊ መንገድ ዕቃ ለማስመጣት እየተዘጋጀሁ ነው። አንዱ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) «ዋጋውን ዝቅ አድርገን ብናስመዘግብ ኮንትሮባንድ አይባልም» አለኝ። ልክ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስሙን በተመለከተ ልክ ነው፤ እርስዎን ግን አያድንም። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 (በአዋጅ ቁጥር 1160/2011 የተሻሻለው) ሁለቱን ይለያቸዋል። ኮንትሮባንድ ማለት የተከለከለ፣ ገደብ የተደረገበት ወይም የንግድ ዕቃ ሕግን ጥሶ ማስገባት ወይም ማስወጣት ነው፤ መሞከሩም ያስጠይቃል። በጉምሩክ ጣቢያ ሳያልፉ በጫካ መንገድ ማሻገር፣ በነዳጅ ቦቴ ወይም በመኪና ወለል ሥር በተሠራ ድብቅ ክፍል መጫን፣ በሕጋዊ ጭነት መሐል መሸሸግ፣ ለውጭ ገበያ ተብሎ የወጣን ዕቃ በሕገወጥ መንገድ መልሶ ማስገባት እዚህ ይመደባሉ። አውቆ የሚያጓጉዝ፣ የሚያከማች፣ የሚሸጥና የሚገዛም አይቀርለትም፤ የጫነው መኪናም ሊወረስ ይችላል።

ትራንዚተሩ ያቀረበልዎት ሌላው፣ የጉምሩክ ማጭበርበር የሚባለው ነው። ዕቃው በጣቢያው በኩል፣ ዲክላራሲዮን ተሞልቶለት ያልፋል፤ የተጻፈው ግን እውነት አይደለም። ወይ ዋጋው ያነሰ ነው፣ ወይ ብዛቱ፣ ወይ ቀረጡ ዝቅ ወዳለ የታሪፍ ቁጥር ተመድቧል፣ ወይ የተሠራበት አገር ተቀይሯል። ይህም ወንጀል ነው፤ ዲክላራሲዮኑም የቀረበው በእርስዎ ስም ስለሆነ ተጠያቂነቱ ከራስዎ አይወርድም።

ሰው ለምን ይፈተናል የሚለውን በቁጥር እንየው። ዋጋው፣ ኢንሹራንሱና የማጓጓዣው ኪራይ ተደምሮ 100,000 ብር የሆነ፣ የጉምሩክ ቀረጡ 35 በመቶ የሆነ ዕቃ እንውሰድ፤ ኤክሳይዝንና ከዚህ በታች ያልተጠቀሱ ሌሎች ክፍያዎችን ለጊዜው እንተዋቸው። ቀረጡ 35,000 ብር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚሰላው በ135,000 ላይ ነው፤ 20,250 ይሆናል። ሱር ታክስ 10 በመቶ ደግሞ በ155,250 ላይ ይሰላል፤ 15,525። በቅድሚያ የሚያዘው የገቢ ግብር 3 በመቶ በመነሻው ላይ ነው፤ 3,000። ሲደመር 73,775 ብር። አንዱ ክፍያ በሌላው ላይ እየተደራረበ ስለሚሰላ ነው እዚህ የደረሰው። ያንኑ ዕቃ «40,000 ብር ነው» ብሎ ያስመዘገበ 29,510 ብቻ ይከፍላል፤ 44,265 ብር ከመንግሥትም፣ በትክክል ከፍሎ ጎኑ ከሚሸጠው ነጋዴም ነጠቀ ማለት ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነን ይኸኛው ነጋዴ ነው፤ በእውነተኛ ዋጋ ከፍሎ ከመርካቶ ዋጋ ጋር መወዳደር አይችልም።

ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ። ጉምሩክ ፋቱራውን አይቶ ብቻ አያልፍም፤ ዋጋው ካላሳመነው በተመሳሳይ ጊዜ የገባ ፍጹም አንድ ዓይነት ዕቃን ዋጋ፣ እሱ ከሌለ የተቀራራቢ ዕቃን ዋጋ ይወስዳል። ዕቃው ከገባ በኋላም የድርጅቱን መዝገብና የባንክ ወረቀት የሚመረምር ኦዲት አለ። ከፋቱራው ጋር የማይገጥም የባንክ ዝውውር የሚጋለጠው በዚህ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይመጣል። እውነተኛውን ፋቱራ፣ የጭነት ሰነዱንና የማሸጊያ ዝርዝሩን አንድ አድርገው ያቅርቡ። የካርቶን ብዛት በማሸጊያ ዝርዝሩ 120፣ በፋቱራው 118 ሆኖ ሲገኝ ያለ አንዳች ተንኮልም ዕቃዎ ለፍተሻ ይወርዳል፤ የመጋዘን ኪራይም ይቆጥርብዎታል።

ጥያቄ፦ ፍራንኮ ቫሉታ ኮንትሮባንድ ነው? (ከጅግጅጋ)

መልስ፦ አይደለም። ፍራንኮ ቫሉታ ማለት አስመጪው ከአገር ውስጥ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠይቅ፣ ውጭ ባለው ገንዘብ ዕቃ እንዲያስገባ መፈቀዱ ነው። ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ ከሆነ ቀረጡን ይከፍላል፣ ዲክላራሲዮን ይሞላል። ፍራንኮ ቫሉታ ባልተፈቀደለት ዕቃ ላይ ከተሠራበት ግን ጥፋት ነው። ጥቁር ገበያም ሌላ ነገር ነው፤ ከባንክ ውጪ የሚካሄደው የምንዛሪ ግብይት ነው። የኮንትሮባንድ ነጋዴ ዶላሩን ከዚያ ስለሚገዛ ሁለቱ ይደጋገፋሉ፤ ስማቸውን ግን አናደባልቅ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ስልክም መቀየር አለብኝ። በኮንትሮባንድ የገባ መሆኑን በምን ልወቅ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከመኪናው እንጀምር፤ ሲወረስ የሚያጎድለው ገንዘብ ብዙ ነውና። ሦስት ነገር ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ ሊብሬውን፣ መኪናው ሲገባ የተሞላውን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ እና መኪናውን ራሱን። የሻንሲና የሞተር ቁጥር በሦስቱም ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። አብዛኛው ዘመናዊ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ 17 ምልክት ነው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ግን አጠር ያለ የፍሬም ቁጥር አላቸው። በ17ቱ ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም፤ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። ወረቀቱ ላይ ከነዚህ አንዱን ካዩ ወይ የአጻጻፍ ስህተት ነው ወይ የተፈበረከ ቁጥር፤ ሳይጣራ አይግዙ።

ቁጥሩን በአንድ ቦታ ብቻ አይመልከቱ። በፊት መስታወቱ ታችኛ ጥግ፣ በሾፌሩ በር ምሶሶ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ፣ እና በአካሉ ወይም በፍሬሙ ብረት ላይ የተቀረጸውን ያነጻጽሩ። ብረቱ ላይ ያለውን በባትሪ ብርሃን በጎን በኩል ይዩት። ፊደሎቹ ከመስመር የወጡ፣ ጥልቀታቸው የተለያየ፣ ዙሪያቸው የተሞረደ ወይም የተበየደ፣ ወይም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ይተዉት። ጣትዎን ሲያሳልፉ የሚሻክር የብየዳ ጠርዝ ካገኙም እንዲሁ።

ሌላው ወጥመድ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ነው። ይህ መኪና ሲገባ ሕጋዊ ነው፤ መብቱ ግን የተሰጠው ለባለመብቱ ነው። መብቱ ለሌለው ሰው ሲሸጥ ቀረጡ መጀመሪያ መከፈል አለበት። «ስሙን በኋላ እናዞረዋለን፣ አሁን በውክልና ይንዱት» የሚል ሻጭ ያልተከፈለውን ቀረጥ በእርስዎ ላይ እያዞረ ነው። ቀረጡ መከፈሉን ከጉምሩክ በጽሑፍ ሳያረጋግጡ ቀብድ አይስጡ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ «ገና አሁን የገባ» እየተባለ የሚቀርብ የቤንዚን መኪና ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው ቀን በደንብ ይታይ።

ስልኩ ቀላል ነው። *#06# ይጫኑ፤ 15 አሐዝ ያለው፣ አይኤምኢአይ የተባለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል። ባለ ሁለት ሲም ከሆነ ሁለት ቁጥር ነው። ከካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩና ያው ቁጥር በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ደረሰኙ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የወጣ፣ የሻጩ ባለ 10 አሐዝ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት፣ የዕቃው ስምና ሞዴል በግልጽ የሰፈረበት ይሁን። «ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል ደረሰኝ ምንም አያስረዳም። ያም ሆኖ ደረሰኝ የሚያረጋግጠው ሽያጩን ነው፤ ቀረጥ መከፈሉን የሚያረጋግጠው ዲክላራሲዮኑ ነው። ለቤትዎ አንድ ስልክ ሲገዙ ደረሰኙ ይበቃዎታል፤ ሱቅ ከፍተው በጅምላ የሚረከቡ ከሆነ ግን የዲክላራሲዮኑን ቅጂ ሳይዙ ዕቃ አያስገቡ።

በመድኃኒት ላይ ግን ከወረቀትም በላይ ነው። ገና ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። በአዋሽ ሙቀት በጆንያ መሐል ተደብቆ ያለፈ ኢንሱሊን መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል፤ ታማሚው የሚያውቀው ስኳሩ ሲጨምር ነው። ከመድኃኒት ቤት ውጪ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ሳልባጅ ልብስ ሁሉ ኮንትሮባንድ ነው? በጉምሩክ ሐራጅ የተሸጠስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሳልባጅ ከእንግሊዝኛው «ሳልቬጅ» የመጣ ነው፤ ከመርከብ አደጋ የተረፈ ዕቃ ማለት ነበር፤ እኛ ዘንድ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ልብስ ሆነ። የመንግሥት ወረቀት «ልባሽ ጨርቅ» ይለዋል። ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣው ኮንትሮባንድ ነው። ጉምሩክ ከሚይዛቸው ዕቃዎች መሐልም አልባሳት ዘወትር ከፊት ይሰለፋሉ። ሰው ከሻንጣው አውጥቶ ለወንድሙ የሰጠው ያገለገለ ኮት ግን የግል መገልገያ እንጂ የንግድ ዕቃ አይደለም።

በሐራጅ የተገዛው ሕጋዊ ነው። የተወረሰ ዕቃ በመንግሥት ሲሸጥ ጥፋቱ በዚያ ይቆማል። የሽያጭ ሰነዱን ግን እንደ ዲክላራሲዮን አድርገው ይጠብቁ፤ ዕቃው ወደ ሌላ ከተማ ሲጓዝ ኬላ ላይ የሚጠየቁት እሱን ነው። ብዛትና ዓይነቱ ከሰነዱ ጋር እንዲገጥም ከፋፍለው ሲጭኑ ለየጭነቱ ማስረጃ ይያዙ። በ50 ካርቶን ሰነድ 80 ካርቶን የሚጭኑ ስላሉ ቆጠራው ጥብቅ ነው።

ጥያቄ፦ ከአገር ቤት ስመለስ ቋንጣ፣ ቅቤ፣ በርበሬና ቡና እይዛለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ «ጫት ኢትዮጵያ ሕጋዊ ስለሆነ ችግር የለውም» ይላል። የቱ ነው ኮንትሮባንድ የሚሆነው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ በጫቱ እንጀምር፤ የሚያሳስረው እሱ ነው። ከአወዳይ የተነሳ አንድ እስር ጫት ወደ ጂቡቲ በሕጋዊ ሰነድ ሲሄድ የወጪ ንግድ ነው። ያው እስር ሰነድ ሳይኖረው ጠረፍ ሲሻገር ወጪ ኮንትሮባንድ ነው። ጀርመን ሲደርስ ደግሞ የተከለከለ ዕፅ ነው። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንግሊዝ በሰኔ 2014 ከለከሉት። አሜሪካ ውስጥ በቅጠሉ የሚገኘው ካቲኖን እጅግ ጥብቅ ከሆኑት ንጥረ ነገሮች ተርታ ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ ከ48 ሰዓት ገደማ በኋላ እየደከመ ይሄዳል፤ «ደርቋል» ማለት ግን መከላከያ አይሆንም፤ በደረቁ ቅጠል ውስጥ የሚቀረው ካቲንም ቁጥጥር ያለበት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም አይፈቅዱም። እስራኤል ትለያለች፤ እርጥቡን ቅጠል መቃም አልተከለከለም፣ ከእሱ የሚጨመቀው ግን ክልክል ነው። ጎረቤትዎ የሚሉት የመነሻውን አገር ሕግ ነው፤ የሚዳኙት ግን በመድረሻው ነው።

ምግቡን በተመለከተ የአውሮፓ ኅብረት ከአባል አገሮቹ ውጪ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ እንዳይገባ ይከለክላል። ትንሽ መሆኑ ወይም ለቤት መሆኑ አይረዳም። ስለዚህ ቋንጣው፣ ቅቤውና አይቡ እዚያው ይቅሩ። ክልከላው የመጣው ከእንስሳት በሽታ ፍርሃት ነው፤ እንደ አፍተግር ያለ በሽታ በሥጋና በወተት ተሸክሞ ይሻገራል። የተፈጨ በርበሬና የተቆላ ቡና በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገቡም። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ዘመዶች ካሉዎት ጥሬውም የተቆላውም ቡና ይገባል፤ ጥሬው ወደ ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ ብቻ አይገባም፣ እነሱ ቡና አብቃይ ስለሆኑ። እዚያ ዋናው ነገር የያዙትን ምግብ ሁሉ ማሳወቅ ነው። ያሳወቁት ዕቃ ክልክል ሆኖ ቢገኝ ይወሰዳል፤ ያላሳወቁት ግን ቅጣት ያስከትላል።

አንድ ነገር ከጥያቄዎ ውጪ እንጨምር። «ለእህቴ ስጪልኝ» ተብሎ የሚሰጥ ጥቅል በርበሬ ሆኖ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል። በፍተሻ ሻንጣው የተገኘበት ሰው ነው የሚጠየቀው፤ የላከው ሰው ስልክ ቁጥር ብዙም አይጠቅምም። ጥቅሉን ሰጪው ፊት ይክፈቱት፤ ዱቄት ከሆነ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡት፣ ከሥሩ የተጠቀለለ ነገር አለመኖሩንም ይመልከቱ። አይከፈትም ካለዎ አይያዙለት።